የጎረቤት ፎቅ ግድግዳችንን እየሰነጠቀው ነው፤ ከየት ልጀምር?
ጤና ይስጥልኝ። ጉለሌ ውስጥ በእንጨትና በጭቃ በተሠራ አሮጌ ቤት ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። አዲሱ ጎረቤታችን የነበረውን ቪላ አፍርሰው ባለ አራት ፎቅ ጀምረዋል፤ ለአንድ ቤተሰብ ነው አሉ! ፀሐይ መከልከሉን እንኳ እንችለው ነበር። ያስጨነቀኝ እስከ አጥራችን ሥር ያለ ድጋፍ የተቆፈረው መሠረት ነው፤ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል፣ ክረምቱም ደርሷል። በሽማግሌ ብናነጋግራቸው «ቤታችሁ ድሮም ያረጀ ነው» አሉን። የሕንፃ አዋጁ በግንባታ ወቅት ለሌላው ሰው ንብረት ጥንቃቄ እንዲደረግ እንደሚያዝ አውቃለሁ። ግን ስንጥቁ ከቁፋሮው መምጣቱን በምን ላስረዳ? ፎቶግራፍ ይበቃል ወይስ የመሐንዲስ ሪፖርት ያስፈልጋል? የፍርድ ቤት እግድስ ጉድጓዱ በኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ይደርስልኛል? የደረሰባችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።