ሁሉ ነገር የቀረብኝ ይመስለኛል፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ የመድኃኒት ቤቷ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። 29 ዓመቴ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሥራዬን አልጠላውም፤ ደመወዜም ቆጥቤ ከያዝኩት ለእኔና ለእናቴ ይበቃል። ችግሬ የሚጀምረው ማታ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ባቻችን የቴሌግራም ግሩፕ አለው። 64 ሰው ነን። አንዱ ቀለበት ያስራል፣ አንዷ ካናዳ በረዶ ላይ ቆማ ፎቶ ትልካለች፣ ሌላው መኪና ገዛሁ ይላል። «እንኳን ደስ አላችሁ» እላለሁ፣ ከልቤ ነው የምለው። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን ማስቀመጥ ያቅተኛል። የማንን ስቶሪ ሳላይ ቀረሁ እያልኩ ሌሊት ሰባት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ደግሞ ፊቴን ሳልታጠብ ስልኬን ነው የምፈልገው።

አሁን ነገሩ ብሬንም እየነካው ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ስልክ እየጠቀጠቁ ሳንቲም የሚሰበሰብበት ጨዋታ ሲመጣ ሁሉም ገባ፣ እኔም ገባሁ። ሦስት ወር ጠቅጥቄ መጨረሻ ላይ ያገኘሁት የአንድ ምሳ ሒሳብ አይሞላም። ባለፈው ጥር ደግሞ አዲስ አበባ ሠርግ ነበር። ለቀሚስና ለመንገድ ተበድሬ ሄድኩ። ሙሽራዋን እኮ ከግሩፕ ውጪ አውርቻት አላውቅም! ካልሄድኩ የምረሳ መስሎኝ ነው።

ሰሞኑን አንድ የባቻችን ልጅ «ከከተማ ወጣ ብሎ ከገበሬ ቦታ እየተገዛ ነው፤ እስከ ዓርብ ካልከፈልሽ አለቀ» አለኝ። እቁቤ ገና አልወጣልኝም። የሰው ዕጣ ገዝቼ ልግባ ወይ እያልኩ ነው። ሆዴ እሺ አላለኝም፤ ግን ቢያመልጠኝስ? ምከሩኝ።

መልስ፦ ስሜ ምን ያደርጋል

ቴሌግራሙን አጥፊው፣ አለቀ።

የመድኃኒት ቤቷ፦

ወንድሜ፣ መድኃኒት የምናዘውም በቴሌግራም ነው። ማጥፋት አልችልም።

መልስ፦ የባንክ ሠራተኛ

እህቴ፣ የሌሊቱን ነገር ሌሎች ይመልሱልሽ። የእኔ መልስ የዓርቡን ጉዳይ ይመለከታል። አትክፈዪ።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሰረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። እሱ የሌለውን ነገር ላንቺ እንዴት ያስተላልፍልሻል? ካርታ የለውም፤ በእጅ የተጻፈች ውል ይዘሽ ማዘጋጃ ቤት ብትሄጂ የሚያውቅሽ የለም። ገንዘቡ የእቁብ፣ ያውም የሰው ዕጣ ተገዝቶ ሲሆን ደግሞ ገና ቦታውን ሳታዪ ከስረሽ ጀመርሽ ማለት ነው።

«እስከ ዓርብ» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮን ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። ሽያጩ ወራት ቆየ፤ ቀኑ ሲደርስም ተራዘመ። ግዙ አትግዙ ማለቴ አይደለም። ሰው ሰነዱን አንብቦ፣ ከቤተሰቡ ተማክሮ፣ አድሮበት መወሰን ይችል ነበር። ያንቺ ሻጭ ግን አንድ ሳምንት እንኳ አልሰጠሽም። የቸኮለው ለምን እንደሆነ ጠይቂው።

መልስ፦ ስልክ ጠጋኙ

ቴሌግራም ሳይጠፋም ይቻላል። ግሩፑን መጀመሪያ ሚዩት አድርጊው (ድምፁን ዝጊው)፣ ቀጥለሽ አርካይቭ አድርጊው (ከዋናው ዝርዝር ወደ ጎን አውጪው)። አርካይቭ ብቻ ካደረግሽው አዲስ መልእክት በመጣ ቁጥር ተመልሶ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» የሚለው ለዚህ ነው። የመድኃኒት አከፋፋዮቹን ደግሞ ፒን አድርጊያቸው፣ ሁልጊዜ ከላይ ይቀመጣሉ። ስልኩን ስትከፍቺ መጀመሪያ ሥራሽን ታያለሽ።

ስቶሪ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ይጠፋል። ቶሎ ስለሚጠፋ ነው የሚያጣድፍሽ። የሚረብሹሽን ሰዎች ስቶሪ ሃይድ አድርጊው፤ እነሱ አያውቁም፣ ቅያሜም የለም። ቻርጀሩም ከመኝታ ክፍል ይውጣ። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የለም ካልሽ የድሮዋን ባለደወል ሰዓት ግዢ። እኔ ራሴ በየቀኑ ስልክ ሳገላብጥ ውዬ ማታ ከእሷ ጋር ነው የማድረው።

መልስ፦ ከዱባይ

ማር፣ ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ አለቀስኩ። ፎቶ ከሚለጥፉት አንዷ እኔ ነኝና።

ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማርፈው እሁድ ብቻ ነው። እሁድ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጥቼ ሃያ ፎቶ እነሳለሁ። ቀስ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ እለጥፈዋለሁ። እናንተ ሰኞ ስታዩኝ የምዝናና ይመስላችኋል፤ እኔ ሰኞ መስኮት እየወለወልኩ ነው። የውሸት አይደለም፣ እሁዱ እውነት ነው። የቀረውን ስድስት ቀን ግን ምን ብዬ ልለጥፈው?

ደግሞ ስሚኝ፣ እኔም እኮ የእናንተን እያየሁ ነው የምነደው። የጥምቀት ፎቶ ስትለቁ ሁለት ቀን ምግብ አይበላልኝም። ያንቺን እናት አጠገብሽ መኖሯን ብቻ እንዴት እንደምቀናበት!

መልስ፦ መምህሩ

ያለብሽ ነገር ስም አለው፤ ልጆቹ «ፎሞ» ይሉታል፣ የሚያመልጠኝ ነገር አለ የሚል ፍርሃት ማለት ነው። ቃሉን ካስለመዱት አንዱ ፓትሪክ ማክጊኒስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የሐርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ተማሪ ሳለ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ጻፈበት። እዚያ የነበሩት በአንድ ማታ ሦስት አራት ግብዣ የሚሯሯጡ ልጆች ናቸው። ያኔ ቴሌግራም የለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንድሩ ፕርዚቢልስኪና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ደግሞ ይህ ስሜት የሚበረታባቸው ሰዎች ሦስት ነገር ጎሎባቸው ተገኙ፦ ከሰው ጋር መቀራረብ፣ በራስ ፈቃድ መኖር፣ «እችላለሁ» የሚል ስሜት። ስለዚህ ስልኩን መደበቅ ግማሽ ሥራ ነው። ከሦስቱ የጎደለሽ የቱ ነው? ካጻጻፍሽ የመጀመሪያው መሰለኝ። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ካልለቀቀሽ ግን ሐኪም ማየትን እንደ ነውር አትቁጠሪው። ለደንበኛሽ ቢሆን ይህንኑ አይደል የምትዪው?

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ ከመምህሩ ጋር እስማማለሁ፤ ግን እኔ የማውቀው በእድር ቋንቋ ነው።

እኛ ዘንድ መቅረት ከባድ ነገር ነው። ልቅሶ የቀረ ሰው ይታወቃል፣ እድሩም ይቀጣዋል። «የት ጠፋህ?» ይሉሃል። ስለዚህ «ልቅር ምን አባቱ» በዪ አልልሽም። ያስለመድንሽ እኛው ነን። ብቻ እድራችን ሰፈር ነው የሚያክለው፤ ያንቺው ግን ካናዳ ደረሰ። የዓለሙን ሁሉ ሠርግና ልቅሶ ማን ይደርሳል?

እንዲህ አድርጊ። ለአንድ ወር ከግሩፑ ጥፊ። «የት ጠፋሽ?» ብሎ የሚደውልልሽን ሰው ስም ጻፊ። እድርተኞችሽ እነሱ ናቸው። የእነሱ አይቅርብሽ።

የመድኃኒት ቤቷ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቦታውን አልገዛሁም። የገዙት እስካሁን ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ዋጋው ጨምሯል እየተባለ ነው። ትንሽ ይቆጨኛል፣ አልዋሻችሁም። ግን ዕዳ የለብኝም።

ስልኬ እናቴ ክፍል ያድራል። የመጀመሪያው ሳምንት ሱስ እንደተወ ሰው አደረገኝ። አሁን አምስት ሰዓት ላይ እተኛለሁ፤ ሁልጊዜ አይደለም።

ጋሼ፣ ያሉኝን አደረግሁ። ከ64 ሰው የደወሉልኝ ሦስት ናቸው። ሁለቱን ጠብቄያቸው ነበር። ሦስተኛዋ ወልዲያ ያለችው የድሮ የዶርም ጓደኛዬ ናት። ለካ ወልዳለች! ግሩፕ ላይ ምንም አልለጠፈችም፤ እኔም የማንም የማንም ስቶሪ ሳሳድድ ደውዬላት አላውቅም። ገንፎው አለፈኝ። ቅዳሜ ልሄድ ነው። ለአራስ ከደሴ ምን ልያዝላት?

ጡረተኛው፦

ቅቤ ያዢላት። ለጋ ይሁን። አጃም ጨምሪበት።

ከዱባይ፦

ፎቶ አንሺልኝ፣ የሕፃኑን። ለእኔ ብቻ ላኪው።