ወንድማችን ራሱን ካጠፋ በኋላ፦ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሐዘኑና ስለ ቀሪው ቤተሰብ

ጥያቄ (እህቱ፣ ከጅማ)

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድማችን ራሱን አጥፍቶ ከእኛ ተለየ። ከዚያ በፊት ለብዙ ወራት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። የሚወደውን ሥራ ተወ፣ ከጓደኞቹ ራቀ፣ “ለእናንተ ሸክም ሆኛለሁ” የሚለውን ቃልም ደጋግሞ ይናገር ነበር። መጀመሪያ ጠበል ወሰድነው፤ ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ከባድ ድባቴ እንደያዘው ተነገረውና መድኃኒት ጀመረ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ፊቱ በርቶ፣ ከእናታችን ጋር ቡና ጠጥቶ፣ ሲስቅም አይተነው ስለነበር “ተሻለው” ብለን አምላክን አመስግነን ነበር።

ለለቀስተኛው ሁሉ፣ ለእድሩም ጭምር፣ “ድንገት ታሞ ሞተ” ተብሎ ተነገረ። እውነቱን የምናውቀው የቤት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኛም ብንሆን ስሙ በተነሣ ቁጥር ወሬውን ወደ ሌላ እናዞራለን። እናቴ በነፍሱ ነገር ትጨነቃለች፤ ሙት ዓመቱ እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ ጭንቀቷ ጨምሯል። ከእኛ ጋር የምታድገው የእህቴ ልጅ 10 ዓመቷ ነው፤ “አጎቴን ምን ነበር ያመመው?” እያለች ትጠይቃለች። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ሌላው ወንድሜም እንቅልፍ እያጣ መሆኑ ነው። ይህ ነገር በእርግጥ በሽታ ከሆነ፣ የተሻለው መስሎ ከታየ በኋላ ለምን ሞተ? በዘርስ ይተላለፋል? በሙያችሁም ሆነ በደረሰባችሁ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (የአእምሮ ጤና ነርስ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ወንድምዎን አላየሁትምና በእሱ ላይ ብይን አልሰጥም። የጻፏቸው ምልክቶች ግን ከሐኪሙ ቃል ጋር የሚስማሙ ናቸው። ከባድ ድባቴ ሐዘን ወይም የጠባይ ድክመት አይደለም። ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን ሰውን ይዞ የሚቆይ፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ትኩረትንና ጉልበትን አብሮ የሚነካ ሕመም ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ሰውየው ስለ ራሱ የሚሰጠውን ፍርድ ማጣመሙ ነው። እንደምትወዱት ብትነግሩትም ቃሉ ወደ ውስጥ አይዘልቅለትም፤ “እኔ ባልኖር ይቀላቸዋል” የሚለው ሐሳብ ግን እንደ ተረጋገጠ እውነት ሆኖ ይታየዋል። ስለዚህ “ለእናንተ ሸክም ሆኛለሁ” ሲል ሕመሙ የሚያሳየውን እየተናገረ ነበር እንጂ፣ እናንተ የሰጣችሁትን ፍቅር መዝኖ እንዳነሰበት እየተናገረ አልነበረም።

የተሻለው መስሎ መታየቱን በተመለከተ፣ በዚህ በሽታ የሚታወቅ ነገር ነው። የድባቴ መድኃኒት ስሜትን ማቃናት የሚጀምረው በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚህ መካከል የሰውነት ጉልበት ሊመለስ ይችላል፤ የመሞት ሐሳቡ ግን ገና አልለቀቀም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰውየው በልቡ ከወሰነ በኋላ ያስጨንቀው የነበረው ትግል ይረግብና የተረጋጋ ይመስላል። ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅርብ ክትትል ያስፈልጋቸዋል የምንለውም ለዚሁ ነው። ይህን የምነግርዎ “ልናውቅ ይገባን ነበር” ብላችሁ ራሳችሁን እንድትወቅሱ አይደለም። የትኛው ሕመምተኛ በየትኛው ቀን አደጋ ላይ እንደሚወድቅ በእርግጠኝነት የሚናገር መመዘኛ እኛ በሙያው ያለነውም የለንም።

ስለ ዘር የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በከባድ ድባቴ የታመመበት ሰው በዚሁ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይደርሳል። ይህም ሆኖ የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ ሞት አይደለም፤ አብዛኛው የሕሙማን ዘመድም አይታመምም። ለሌላው ወንድምዎ ግን ዛሬውኑ ሊደረግለት የሚገባ ነገር አለ። ብቻችሁን ስትሆኑ በቀጥታ “ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?” ብለው ይጠይቁት። ይህን መጠየቅ በሌለበት ሰው ላይ ሐሳቡን እንደማይተክል በጥናት ተረጋግጧል፤ ላለበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው እፎይታ ይሆናል። “አዎ” ካለ ብቻውን አይተዉት። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ ወይም ቅርብ ወደሆነው ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል አብረውት ይሂዱ።

በቤት ውስጥ የእርሻ ፀረ ተባይ ኬሚካልና የተራረፈ መድኃኒት ካለ ከቤት ይውጣ፣ ወይም ቁልፉ በታመነ ሰው እጅ ይሁን። በጅማ ዙሪያ ቡና፣ በቆሎና ጫት የሚያመርት ቤተሰብ ብዙ ስለሆነ ይህ እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ ካገደች በኋላ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር ከ2 ሦስተኛ በላይ ቀንሷል። ይህ የሆነው የሕዝቡ ኀዘንና ችግር ስለጠፋ አይደለም፤ የመሞት ግፊት ብዙ ጊዜ ለአጭር ሰዓት የሚበረታ በመሆኑ፣ በዚያች ሰዓት ገዳዩ ነገር እጁ ላይ ያልነበረ ሰው ስለተረፈ ነው።

መልስ (አንድ አባት፣ ከሒርማታ)

ልጄ፣ ያነበብኩት ጽሑፍሽ የእኔንም ቤት የሚመለከት ነው። እኔም የበኩር ልጄን በዚሁ መንገድ ቀብሬአለሁ። በሌላ ሞት ሰው ያለቅስና ይወጣለታል፤ በዚህኛው ግን “ለምን?” የሚለው ጥያቄ፣ ቁጣው፣ ኀፍረቱና ናፍቆቱ በአንድ ላይ ይመጣሉ። በልጄ ላይ የተቆጣሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ያ ቁጣ የፍቅር ጉድለት መስሎኝ ብዙ ተሠቃየሁ፤ በኋላ ግን እንደ እኔ የተጎዱ ሰዎች ሁሉ እንደሚያልፉበት ተረዳሁ። እናትሽም ይህ ቢሰማት አትደንግጡ፤ ዝም በሉም አትበሏት።

እኛም ለእድሩ የነገርነው እንደ እናንተው ነበር። ጥቂት ቆይቼ እውነቱን በመጀመሪያ ለእድሩ ዳኛ፣ ቀጥሎም ለቅርብ ጎረቤቶቼ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሸሸን፤ ይህን አልደብቅሽም። ከዚያ በኋላ ግን “የእኔም ወንድም እንዲያ ነበር”፣ “የእህቴ ልጅም” እያለ የሚመጣው ሰው በዛ፤ ለካ ብዙ ቤት ይህንኑ ተሸክሞ ለብቻው ሲኖር ኖሯል። ሁሉም ሰው ይወቅ አልልሽም። ነገር ግን የልጃችሁን ስም ያለ ፍርሃት የምታነሡበት፣ አሟሟቱንም ሳታስተካክሉ የምትናገሩበት ቢያንስ አንድ ቤት ያስፈልጋችኋል።

ስለ ሕግ የሚወራውም አያስፈራችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ ያነሣሣን ወይም የረዳን ነው፤ ሞክሮ የተረፈ ሰው በመሞከሩ ወንጀለኛ አይባልም። ፖሊስ የሚጠይቀው ሌላ እጅ አለመኖሩን ለማጣራት ነው። ይህን የጻፍኩት “ይታሰራል” በሚል ፍርሃት ሞክሮ የተረፈ ሰውን ከሐኪም የሚደብቁ ቤተሰቦች ስላየሁ ነው።

ለልጅቷ እውነቱን፣ በዕድሜዋ ልክ፣ ራሳችሁ ንገሯት። እኔ ለታናሽ ልጄ ያልኳት እንዲህ ነበር፦ “ወንድምሽ አእምሮው ታሞ ነበር፤ ሕመሙ በጣም በረታበትና ራሱን ገደለ። አንቺ ባደረግሽው ወይም ባላደረግሽው ነገር አይደለም። እንዴት እንደሆነ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ እመልስልሻለሁ።” እንዴት እንደሞተ በዝርዝር አልነገርኳትም፤ ውሸትም አልጨመርኩበትም። “ተኝቶ ቀረ” የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል፤ “ሆዱን አሞት ሞተ” የተባለም ሆዱን ባመመው ቁጥር ይሸበራል። ደግሞም እናንተ ካልነገራችኋት ከሰፈር ልጆች መስማቷ አይቀርም፤ ያኔ ከሞቱ ይልቅ መዋሸታችሁ ይጎዳታል።

መልስ (የነገረ መለኮት ተማሪ)

ስለ እናትዎ ጭንቀት አንድ ነገር ልጨምር። ቤተ ክርስቲያን ራስን ማጥፋትን አጥብቃ ትከለክላለች፤ ነገር ግን ታሞ የሞተውንና በሙሉ አእምሮው ያደረገውን አንድ አድርጋ አታይም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበረው ጢሞቴዎስ ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት፣ ሰውየው አእምሮውን ስቶ ካደረገው መሥዋዕት እንደሚቀርብለት፣ ካህኑም እውነቱን በጥንቃቄ እንዲመረምር መልሷል። ስለዚህ እውነቱን መደበቅ ወንድምዎን አይጠቅመውም። ካህኑ ስለ ሕመሙ ሳያውቅ ሊመረምርለት አይችልምና። ሐኪሙ የሰጠውን የሕክምና ወረቀት ይዛችሁ፣ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ለንስሐ አባታችሁ ሁሉንም ንገሯቸው፤ የሚደረገውንም እሳቸው ይወስናሉ።

መልስ (ጎረቤት፣ ከጅሬን)

አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ። ይህን ለሚያነቡ ሙስሊም ቤተሰቦችም ለመጨመር ያህል፦ ነቢዩ ራሱን በገደለ ሰው ላይ አለመስገዳቸው በሐዲሥ ተዘግቧል፤ ይሁን እንጂ ብዙኃኑ ዑለማእ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ሰላተል ጀናዛ፣ ማለትም ለሟች የሚሰገደው ሶላት፣ ይሰገድለታል ይላሉ። አእምሮውን ስቶ ያለ ሰው እስኪድን ድረስ ብዕሩ ከእሱ እንደተነሣም፣ ማለትም ሥራው እንደማይጻፍበት፣ በሐዲሥ ተነግሯል። የሞተባቸው ቤተሰቦች ኢማማቸውን ቀርበው ቢጠይቁ መልካም ነው።

እህቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወንድሜን ትናንት ማታ እንደተባልኩት በቀጥታ ጠየቅሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና “ሐሳቡ ይመጣብኛል፣ ግን ምንም አላሰናዳሁም” አለኝ። ሌሊቱን አብሬው አደርኩ፤ ዛሬ ሐኪም ዘንድ አብረን ለመሄድ ተስማምቷል። ለሐኪሙ ምን ምን መንገር አለብን?

የአእምሮ ጤና ነርስ

ትልቅ ነገር አድርገዋል። ስለ ሟቹ ወንድማችሁ ምንም ሳታስቀሩ ንገሩ፤ አሟሟቱንና ይወስደው የነበረውን መድኃኒት ስም ጭምር። ሐኪሙ መድኃኒት ሲመርጥ፣ አንድን የቅርብ ዘመድ ምን እንደረዳው ወይም እንዳልረዳው ማወቁ ይጠቅመዋል። እንቅልፉ ከመቼ ጀምሮ እንደተዛባና አልኮል ይጠጣ እንደሆነ ይንገር። ጫት የሚቅም ከሆነም አይደብቅ፤ ጫት አነቃቂ ስለሆነ እንቅልፍን ያባብሳል፣ ሐኪሙም ሕክምናውን ሲወስን ሊያውቀው ይገባል። ከዚህ በፊት ከልክ በላይ የተነቃቃበት፣ ሳይተኛ ሳይደክም የሰነበተበት ጊዜ ካለ ይህንንም ንገሩ፤ የድባቴ መድኃኒት ብቻውን የማይሰጠው ሕመም ሊሆን ይችላልና። መድኃኒት ከታዘዘለት የሚቀጥለው ቀጠሮ በሳምንት ውስጥ እንዲሆንለት ጠይቁ፤ መድኃኒቱም በእርስዎ እጅ ይቀመጥ።