ከልብ ቀዶ ጥገና በፊት ወገብ ላይ የሚወጋው ሞርፊን፦ እሺ እንበል?

የቨርጂኒያው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በሚቀጥለው ሳምንት የልብ ባይፓስ ይሠራለታል። የማደንዘዣ ሐኪሙ «ከማስተኛታችን በፊት ወገቡ ላይ ትንሽ ሞርፊን እንወጋዋለን፣ ሲነቃ ህመሙ ይቀልለታል» አለን። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «ሽባ ቢሆንስ?» ትላለች። ያለፈበት ወይም ሙያው ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሰመመን ሰጪ፦
እግዚአብሔር ይማርልህ ወንድሜ። ደረት አጥንት ተሰንጥቆ ስለሚከፈት ከነቁ በኋላ ከባዱ ነገር መተንፈስና ማሳል ነው፤ ህመሙን ፈርተው በደንብ ካልተነፈሱ አክታ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። መርፌው አንዴ ብቻ ነው፣ ቱቦ አይተውም። መጠኑም በማይክሮግራም (የሚሊግራም አንድ ሺህኛ) ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 500። ሞርፊን በህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ቆይቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ስለሚወጣ ወገብ ላይ ተወግቶ ደረት ያስታግሳል፣ እስከ 24 ሰዓት ገደማ። እግር አያደነዝዝም።
የእናትህ ስጋት ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። በቀዶ ጥገናው ጊዜ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ መርፌው የደም ሥር ነክቶ ከሆነ ደም ተጠራቅሞ ነርቭ ሊጫን ይችላል። በጣም ብርቅ ነው። ለዚህም ሲባል በመርፌውና በሄፓሪኑ መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። አባትህ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩ። አስፕሪን ብቻውን አይከለክልም፣ ክሎፒዶግሬል (ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚወሰድ ኪኒን) ከሆነ ግን ከ5 እስከ 7 ቀን ቀድሞ መቆም አለበት። በራሳችሁ እንዳታቋርጡት!

የደሴ ልጅ፦
እኔ ተወግቻለሁ። ስነቃ ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ ማሳል ችያለሁ። ያስቸገረኝ ማሳከክ ነው፣ አፍንጫዬንና ፊቴን ስፎክት አደርኩ፤ ለነርሷ ስነግራት መድኃኒት ሰጠችኝና ተወኝ። ህመሙ የመጣው በማግስቱ የመርፌው ኃይል ሲያልቅ ነው፣ ስለዚህ ኪኒኑን ሳይብስባቸው ይጠይቁ።

ነርስ እህታችሁ፦
አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነው የምሠራው። እኛ ከሁሉ በላይ የምንፈራው ትንፋሽ መቀነስን ነው፣ ሰዓታት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው 24 ሰዓት የምንከታተለው። አባትህ ሲተኙ ያንኮራፋሉ? ትንፋሻቸው ቆም ይላል? ከሆነ አሁኑኑ ተናገሩ። ከቤት የእንቅልፍ ኪኒን ይዛችሁ እንዳትሰጧቸው። ወገባቸው ላይ መወጋት ካልተቻለም ደረት አጥንቱ ዳርና ዳር የሚወጋ ማደንዘዣ አለ፣ እሱን ጠይቁ።

የቨርጂኒያው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን መድኃኒቶቹን አየሁ፣ ክሎፒዶግሬል አለበት፣ ማንኮራፋቱማ ሰፈር ይሰማል። ነገ ጠዋት ሐኪሙ ጋ እደውላለሁ፣ እናቴም አብራኝ ትሰማለች።