የፒቱታሪ ዘንግ ሲቆረጥ ኤዲኤች በየት ይወጣል?

ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ሃይፖታላመስ (ፒቱታሪ የተባለውን ዕጢ የሚያዘው የአንጎል ክፍል) ላይ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል።

ለፊተኛው ፒቱታሪ ትእዛዙ የሚደርሰው በደም ሥር ነው። ሽንት እንዳይበዛ የሚያደርገው ሆርሞን ኤዲኤችና ምጥን የሚያግዘው ኦክሲቶሲን ግን እዚያው ሃይፖታላመስ ውስጥ ይሠሩና በአክሰን (በነርቭ ሴል ረጅም ክር) ወደ ኋለኛው ፒቱታሪ ይወርዳሉ። ደስ የሚል አሠራር ነው! ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ሲቆረጥ ኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) ይቀንሳል፤ ፕሮላክቲን (ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን) ግን ይጨምራል፣ የሚያፍነው ዶፓሚን ስለማይደርስ። እስከዚህ ገብቶኛል።

ያስቸገረኝ ኤዲኤች ነው። ዘንጉ ዝቅ ብሎ ከተቆረጠ ሽንት የመብዛቱ ችግር ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው፤ ከፍ ብሎ ሲሆን ግን ሊዘልቅ ይችላል። ማከማቻው ኋለኛው ፒቱታሪ ከተለየ በኋላ ሆርሞኑ በየት በኩል ደም ውስጥ ይገባል? ከፍ ያለው ጉዳትስ ኤዲኤችን የሚሠሩትን የሱፕራኦፕቲክ ኒውክለስ (በሃይፖታላመስ ውስጥ ያለ የነርቭ ሴሎች ስብስብ) ሴሎች ራሳቸውን ይገድላል ማለት ነው? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ፤ ሥዕል ካላችሁማ በጣም ትጠቅሙኛላችሁ። ፈተናው ሰኞ ነው።