የሞንጎሊያ 10 ቱግሪክ ላስቲክ ላይ ተጣበቀብኝ፣ ነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ!

የመንታዎች እናት፦ ቶሎ እርዱኝ! ነገ ልጆቼ ትምህርት ቤት የዓለም ገንዘቦች ዝግጅት አለ። 10 ቱግሪኩ አልበሙ ውስጥ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ስጎትተው ጥጉ ላይ አረንጓዴ ቀለሙ ላስቲኩ ላይ ቀረ። በካውያ ላሙቀው? ከሥሩ «ጄንጊስ ካን፣ የጥንት ገንዘብ» ብዬ ጽፌያለሁ፣ ልክ ነው አይደል?

አሮጌ ሳንቲም፦ እህቴ፣ ካውያውን አስቀምጪ! ያጣበቀው የላስቲኩ ወዝ ነው፣ ሙቀት ያባብሰዋል። መጎተቱንም ተዪው።

ሚኪ፦ ኧረ 10 ቱግሪክ እዚያው አገሩ ማስቲካ አይገዛም! ምን ያስጨንቅሻል ሃሃሃ

የታሪክ መምህር፦ መጀመሪያ ጽሑፉ ይስተካከል። ገንዘቡ ላይ ያለው ሰውዬ ዳምዲን ሱኽባታር ነው። እ.ኤ.አ. የ1921ን አብዮት ከመሩት አንዱ፤ በ1923 በ30 ዓመቱ ሞተ። በሶሻሊስቱ ዘመን ጄንጊስን ማወደስ አደጋ ነበረው። በ1962 የልደቱን 800ኛ ዓመት ማክበር ላይ ግንባር ቀደም የነበረ የፓርቲ ሰው ከሥልጣኑ ተባሯል። ስለዚህ ገንዘቡ ላይ የሱኽባታር ፊት ነገሠ። የ1990 የዴሞክራሲ ለውጥ ሲመጣ፣ በ1993 አዲስ ኖት ወጣና ሁለቱ ተካፈሉ። ከ5 እስከ 100 ሱኽባታር፣ ከ500 ጀምሮ ጄንጊስ። ማንም አልተባረረም። ግሽበቱ የበላው ግን የሱኽባታርን ድርሻ ነው።

የመንታዎች እናት፦ መምህር አመሰግናለሁ፣ ግን ወረቀቱ አሁንም ተጣብቋል!! ባለቤቴ ደግሞ «ጄንጊስን አይቼበታለሁ» ብሎ ይምላል።

ፀሐይ፦ በደንብ አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ ትንሽ አቆዪው። ቀዝቀዝ ሲል የጥርስ ክር በመሃል አሳልፊ፣ ቀስ ብለሽ።

ሚኪ፦ ከሥጋው ጋር እንዳይቀቀል ብቻ

አቤል፦ ባልሽ አልዋሸም። ወደ መብራት ያዢው። ባዶው ቦታ ላይ ከወረቀቱ ውስጥ የሚወጣው ጄንጊስ ነው።

ጠያቂው፦ «የጥንት» ያልሽው ከየት መጣ? ቱግሪክ ራሱ የተጀመረው በ1925 ነው። ከዚያ በፊት የብር ማዕድንና የውጭ ገንዘብ ነበር። እኛ በአሞሌ ጨው እንደተገበያየነው እነሱ በተጠቀጠቀ የሻይ ጡብ ይገበያዩ ነበር። ያንቺ ላይ ዓመት ተጽፏል?

የመንታዎች እናት፦ ዓመት የለውም። ከላይ እሳት የሚመስል ምልክት አለ። ከላይ ወደ ታች የተጻፈ ጽሑፍም አለው።

ጠያቂው፦ እንግዲያው የ1993ቱ ነው። እሳት ያልሽው ሶዮምቦ ይባላል፣ ባንዲራቸውም ላይ አለ። የሶሻሊስቱ ዘመን ቢሆን ፈረስ የሚጋልብ ሰው ያለበት አርማ ታዪ ነበር። ወደ ታች የተጻፈው የድሮ ፊደላቸው ነው። ጥንታዊ ነገር ከፈለግሽ እሱን ጻፊ።

ሰላም ነው፦ ፍሪዘር ሞክሪ።

ፀሐይ፦ ተብሏል እኮ!

አሮጌ ሳንቲም፦ ፍሪዘሩ እምቢ ካለ ላስቲኩን በወረቀቱ ዙሪያ ቁረጪና እንዳለ አሳዪው። ጀርባውን ወደ ፊት አዙሪ፤ ተራራ ሥር የሚግጡ ፈረሶች አሉበት። ልጆች ከሱኽባታር ይልቅ እነሱን ይወዳሉ፣ የተላጠውም ጥግ አይታይም። ምትክ ከፈለግሽ ያልተነካ ኖት በርካሽ ይገኛል።

አቤል፦ እህቴ፣ ወጣ?

ሚኪ፦ ትርፍ 20 ቱግሪክ ያለው ሰው ካለ፣ በኬንያ ሽልንግ እቀይራለሁ።