የስቶል ማስጠንቀቂያ፦ ስቲኩ ላይ ወይስ ፔዳሉ ላይ?

ማራኪ_ሲም (ጎንደር)
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ማራኪ ከጓደኞቼ ጋር የተዋጊ ጄት ሲሙሌተር ኮክፒት እየሠራን ነው። ስቲኩና (የእጅ መሪው) ፔዳሎቹ አልቀዋል፤ የቀረን ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሲያቅተው) ሲቃረብ በአካል የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ነው። ገሚሱ ስቲክ ነው የሚንቀጠቀጠው ይላል፣ ገሚሱ ፔዳል ነው ይላል። የቱ ነው ትክክሉ? ምን ዓይነት ሞተር ይበቃል? ደግሞስ ከአዘዞ ስንነሳ ማስጠንቀቂያው የሚጀምርበትን ፍጥነት ለከፍታው ብለን እንቀይረው?

ክንፈ_ብረት
እንደ ጄቱ ነው። ኤፍ-4 ፋንቶም ላይ የሚንቀጠቀጠው የግራ ፔዳል ነው። ለምርጫው ጥሩ ምክንያት አለ፦ ፋንቶም አፍንጫውን ከፍ አድርጎ ሲበር ስቲክን ወደ ጎን መግፋት አፍንጫውን ወደ ተቃራኒው ይጎትተዋል፣ አልፎም ስፒን (እየተሽከረከሩ መውደቅ) ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ አብራሪው በዚያ ሰዓት የሚያጋድለው በፔዳል ነው፤ እግሩ እዚያው ነው።

ኤፍ-104 ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ስቲኩ ይንቀጠቀጣል፤ አብራሪው ካልሰማ ሌላ መሣሪያ ስቲኩን ወደ ፊት ይገፋዋል። አግድም ጭራው ከላይ ስለተሰቀለ ክንፉ የሚያውከው አየር ሲመታው አፍንጫው በራሱ ወደ ላይ ይነሳል፤ ከዚያ መመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ሚግ-29 ላይ ደግሞ ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር ያለው አንግል 26 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስቲኩ ይጠጥራል፤ አብራሪው ከፈለገ በጉልበት ያልፈዋል። የኛ አየር ኃይል ያበረረው ሚግ-21 ግን አንግሉን የሚያሳይ መርፌና ብልጭ የሚል ቀይ መብራት ነው ያለው። ኤፍ-16 እየሠራችሁ ከሆነ ምንም አትግጠሙ። የሱ ስቲክ እምብዛም አይነቃነቅም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ አንግሉን 25 ዲግሪ አካባቢ ይገታዋል።

ቶርኖ_ቤት
ሞተሩን በተመለከተ፦ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር አትግዙ፤ ጊር ስላለው በደቂቃ መቶ ዙር እንኳ አይሞላም። የስልክ ንዝረት ሞተርም ከጫማ አያልፍም። ከአሮጌ ፕሪንተር የሚወጣ ሞተር ይሻላል። ዘንጉ ላይ 30 ግራም ብረት፣ የክብደቱ መሐል ከዘንጉ 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ይታሰር። በደቂቃ 1,500 ዙር ሲሽከረከር 11 ኒውተን ገደማ ይሰጣል፤ እግር በደንብ ይሰማዋል። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርጉት ኃይሉ አራት እጥፍ ስለሚሆን ብየዳውን ይሰነጥቃል።

ብረቱን በብሎን ብቻ አትመኑት። ዘንጉን በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጉ፣ ብሎኑን ሎክታይት (የብሎን ማጣበቂያ) ቀቡት፣ ከላዩ የላሜራ ሽፋን ይደረግ። ፈትቶ ከወጣ ሰው ይጎዳል።

ሞተሩ ከፔዳሉ ክንድ ላይ ይታሰር፤ የፔዳሉን እንቅስቃሴ ከሚያነበው ሴንሰር ግን ይራቅ። ከተጠጋ ንዝረቱ እንደ እግር እንቅስቃሴ ይነበብና አውሮፕላኑ ጭራውን ይወዘውዛል። በሴንሰሩ ማሰሪያ ሥር ጎማ አድርጉ።

ሞተሩን ከአርዱይኖ (ትንሿ የመቆጣጠሪያ ቦርድ) ፒን በቀጥታ አታንቀሳቅሱት፤ ፒኑ 20 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው የሚችለው። የሚያስፈልጋችሁ፦ በ5 ቮልት ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ሞስፌት (የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ከሞተሩ ጎን በተቃራኒ የታሰረ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ለሞተሩ የራሱ ፓወር ሰፕላይ (ግራውንዱ ግን የጋራ)። ከሞስፌቱ ጌት (ትእዛዝ የሚቀበለው እግሩ) ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ካልገባ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሞተሩ ሳይታዘዝ ሊነሳ ይችላል።

ማራኪ_ሲም (ጎንደር)
እግዜር ይስጥልን። የምንሠራው ፋንቶም ነው። ለማጠንከር ስቲኩም ላይ ብንጨምርስ?

ክንፈ_ብረት
አይሆንም። ፋንቶም ስቶል ሳይደርስ በፊት ራሱ ሙሉ አካሉ ይንቀጠቀጣል። ሁሉም ነገር ከተንቀጠቀጠ የቱ ማስጠንቀቂያ እንደሆነ አይለይም፤ የግራ እግር ብቻ ይሁን።

ሰማይ_ጠቀስ
የአዘዞውን ልመልስ። ማስጠንቀቂያውን በፍጥነት ሳይሆን በአንግል አስነሱት። ክንፍ የሚከዳው ከሚመጣው አየር ጋር ያለው አንግል ሲበዛ ነው። ቀጥ ብሎ ሲበር በ130 ኖት የሚከዳ ጄት፣ በ4 ጂ (ክንፉ የክብደቱን አራት እጥፍ ተሸክሞ) ሲዞር በ260 ኖት ይከዳል። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንም በመለኪያው የምታዩት የስቶል ፍጥነት ያው ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው እውነተኛ ፍጥነት ግን 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የሚለወጠው የመንደርደሪያው ርዝመት ነው።

የፋንቶም መለኪያ በዲግሪ ሳይሆን በራሱ ዩኒት ነው፦ ለማረፍ 19.2፣ ፔዳሉ የሚንቀጠቀጠው 22 አካባቢ። ሞተሩ ንዝረት ሲጀምር 22፣ ሲያቆም 21 አድርጉት፤ በአንድ ቁጥር ላይ ካሰራችሁት ሞተሩ ያዝ ለቀቅ እያለ ያስቸግራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእውነተኛው አውሮፕላን። ንዝረቱ የሚታመነው አንግሉን የሚለካው ክንፊት (በአየሩ የሚዞር ትንሽ ክንፍ መሰል ሴንሰር) እስከታመነ ድረስ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ እንደተነሳ የግራው ክንፊት ንባብ 74.5 ዲግሪ ሲደርስ የቀኙ 15.3 ነበር፤ የካፒቴኑም መሪ ያለ ስቶል እስከ መጨረሻው ገደማ ተንቀጠቀጠ። ስለዚህ ሲሙሌተራችሁ ላይ ሐሰተኛ ንዝረት የሚያስነሳ ማብሪያ ማጥፊያም ግጠሙ፤ ለልምምድ እጅግ ይጠቅማል።