የካትሪን ምስል ያለበት 100 ሩብል የእሷ ዘመን ነው?

ጠያቂ (ጅማ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ አጎቴ ራሺያ ተምሮ ሲመለስ ያመጣው የወረቀት 100 ሩብል እጄ ገብቷል፣ ጀርባው ላይ የራሺያዋ ንግሥት ካትሪን አለች፣ ሂርማታ ገበያ አሮጌ ሳንቲም የሚሸጥ ልጅ የ1700ዎቹ ነው አለኝ፣ እውነት ነው?

መልስ 1፦ አይደለም ወንድሜ፣ 1910 የሚል ካለው የመጨረሻው የራሺያ ንጉሥ የኒኮላይ ሁለተኛ ዘመን ነው፣ ካትሪን በ1796 ነው የሞተችው (ሁሉም በፈረንጅ)። የእሷ ብር አሲግናት ይባላል፣ በ1769 ወጣ፣ ነጭ ወረቀት ነው፣ ምስሏ የለበትም፣ ፊርማው በእጅ በቀለም የተፈረመ ነው። መጀመሪያ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ነበር፣ ግን አጭበርባሪዎች 25ቱን ወደ 75 እየቀየሩ ስላስቸገሩ 75ቷን ቶሎ አስቀሯት፣ እኔ በጣም የምወዳት ታሪክ ይቺ ናት።

መልስ 2፦ ያንተም ቢሆን ቆንጆ ነው እኮ። የባንኩን ኃላፊ ፊርማ እየው፣ ኮንሺን ወይ ሺፖቭ ነው የሚሆነው፣ ስሙ ሦስት ቋሚ እግር ባላት የራሺያ ፊደል (Ш) ከጀመረ ሺፖቭ ነው፣ እሱ በብዛት ስለሚገኝ ዋጋው ዝቅ ይላል።

ጠያቂ፦ ሦስት እግር ነው 😀 እጥፋቱን በካውያ ላቃናው?

መልስ 2፦ ኧረ በፍጹም! አትተኩሰው፣ አትጠበው፣ ላሚኔትም እንዳታስደርገው፣ ዋጋውን ታጠፋዋለህ።